ተገጣጣሚ ቤት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት መፈተሽ ነው። ገዢ ከመፈረሙ በፊት ጣሪያ ላይ የምወጣው፣ ወለል ሥር የምገባው እኔ ነኝ። የምኖረውም ሞጁላር ቤት ውስጥ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ በክፋይ በክፋይ ተሠርቶ መሬቱ ላይ የሚገጣጠም ቤት ማለት ነው። ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት የመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ «በመኪና ተጎትቶ የሚመጣ ቤት አልገባም፣ ነገ ዋጋው ይወድቃል» ብላ እምቢ አለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ባለቤትህ የፈራችው ሌላ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከፋብሪካ የሚወጡ ሁለት ዓይነት ቤቶች አሉ፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ ማኑፋክቸርድ ይባላል፤ የድሮው ሞባይል ሆም ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 1976 ወዲህ የሚሠራው በፌዴራል ሕግ ሲሆን ከሥሩ ቋሚ የብረት ሻሲ አለው። ሞጁላር ግን የሚሠራው ቦታው ላይ የሚገነባ ቤት በሚሠራበት በዚያው በስቴቱ የሕንፃ ሕግ ነው። በጭነት መኪና ይመጣል፣ ክሬን አንሥቶ መሠረቱ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አለቀ። የኔ ሲመጣ ቆሜ አይቻለሁ። የኩሽናው ቁም ሳጥን ተገጥሞ፣ በሮቹ እንዳይከፈቱ በቴፕ ታስረው፣ ግማሽ ቤት አየር ላይ ተንሳፈፈ። ልቤ አፌ ውስጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ሞጁላር ነው» ይላል። በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ወሬውን ተወውና ምልክቱን ፈልግ። ማኑፋክቸርድ ከሆነ በእያንዳንዱ ክፋይ ውጭ ግድግዳ ጫፍ ላይ መዳፍ የማይሞላ ቀይ የብረት ሰሌዳ ተመትቶበታል። ሞጁላር ከሆነ የስቴቱ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ነው፤ ከሲንኩ ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ክፈት፣ የኤሌክትሪኩ ብሬከር ሳጥን አካባቢም እይ።

አንድ ጊዜ «ሞጁላር» ተብሎ ለገበያ የወጣ ቤት ልፈትሽ ሄድኩ። ከኋላ ዞሬ ታችኛውን ጥግ ሳይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ አራት ማዕዘን ነገር አለ። በጥፍሬ ስፈቀፍቀው ቀይ ወጣ። ገዢዎቹ ሁለት ልጆች ያሏቸው ሐበሾች ነበሩ። ብድራቸው የተዘጋጀው ለሞጁላር ነበር። ውሉን ትተው ወጡ። ያን ቀን ባላየው ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዋጋው እንደ ጎረቤቱ ቤት ይጨምራል?

መልስ፦ በዋናነት የሚጨምረው መሬቱ ነው። ጣሪያና ቧንቧ የማንም ቤት ቢሆን ያረጃል። አገር ቤት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ቤት ሲባል ግድግዳውን ማሰብ ለምደናል። እዚህ ግን መሬቱም በስምህ ይሆናል። ሞጁላር ቤትህ በራስህ መሬት፣ በቋሚ መሠረት ላይ ካረፈ ገማቹ አካባቢው ላይ ከተሸጡ ቤቶች ጋር ያወዳድረዋል። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ትልቁ ድርጅት ፋኒ ሜይም ለብድር ሲሆን ቦታው ላይ እንደተሠራ ቤት ነው የሚያየው። ከከተማ ራቅ ካልክ ግን የሚወዳደር ሽያጭ ስለሚያንስ ግምቱ ሊያስከፋህ ይችላል። ስትሸጥም ገዢው እንደ መጀመሪያው ጠያቂ ባለቤት መጠርጠሩ አይቀርም። ፕላኑን፣ ፐርሚቱን (የግንባታ ፈቃዱን)፣ የፋብሪካውን ወረቀት አንድ ላይ አስቀምጥ። ክርክሩን የሚዘጋልህ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ እቁብ ደርሷታል። በካሽ የሚገዛ ርካሽ ማኑፋክቸርድ ቤት አግኝታለች፤ የቦታው ኪራይ ግን በየወሩ ይከፈላል። ትግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ አስቁሚያት። ቤቱ የሷ፣ መሬቱ የሰው ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት እንደ መኪና በታይትል (በባለቤትነት ወረቀት) ነው የሚመዘገበው። ኪራዩ በጨመረ ቁጥር ቤቱን የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል። ነቅዬ እወስደዋለሁ ብትል ደግሞ ማጓጓዣው ራሱ ብዙ ገንዘብ ነው። መኖሪያ ብቻ ፈልጋ ከሆነ ውሉን አንብባ ትወስን። ለልጆቼ ይቀመጣል ብላ ከሆነ ግን የእቁቡን ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያ ታቆየው።

ጥያቄ፦ የፋብሪካው ዋጋ በጣም ደስ ይላል። ሌላ ምን ወጪ አለ?

መልስ፦ ብዙ! መሠረት፣ ክሬን፣ መብራትና ውኃ ማስገባት፣ ፐርሚት፣ የመኪና መግቢያ። የከተማ ፍሳሽ መስመር ከሌለ ደግሞ ሴፕቲክ፤ ፍሳሹን በጋን ተቀብሎ ውኃውን ወደ አፈር የሚያሰርግ ማለት ነው። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። መሬቱን ስገዛ አፈሩ ውኃ ይመጥ እንደሆነ አላስመረመርኩም። ሁለት ክንድ እንኳ ሳይቆፈር ዐለት ወጣ። የሴፕቲኩ ቦታ ተቀየረ፣ ያጠራቀምኩት ሁሉ መሬት ውስጥ ገባ። የአፈሩ ምርመራ ካላለፈ መግዛት ግዴታዬ አይደለም የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ሳታስገቡ መሬት አትግዙ።

ባንኩንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። ፋብሪካው ገንዘቡን ቤቱ ሳይጫን ይፈልጋል፤ ባንኩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤቱ መሬት ላይ ሲያርፍ ነው የሚለቀው።

ጥያቄ፦ ቶሎ ያልቃል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ። መሠረቱ ሲቆፈር ቤቱ ፋብሪካ ውስጥ እየተሠራ ነው። ፐርሚቱ ግን አይቸኩልልህም።

ጥያቄ፦ ከገባን ስድስት ወር ሆነን። ኮርኒሱ መሀል ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ልደንግጥ?

መልስ፦ ሁለቱ ክፋዮች የተገናኙበት መስመር ላይ ይመስለኛል። ጸጉር የምታህል ከሆነች የተለመደ ነው። እርሳስ ይዘህ ስንጥቁ የሚያበቃበት ላይ ምልክት አድርግ፤ ቀኑንም ጻፍበት። ፎቶ አንሣና ዋስትናው ሳያልቅ ለገጣጣሚው በጽሑፍ አሳውቅ። በወሩ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ወይም በር እምቢ ማለት ከጀመረ መሠረቱን የሚያይ መሐንዲስ ጥራ።