በ38 ዓመት ስኬቲንግ ይጀመራል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ ሰላም ነሽ? ጥያቄሽን አየሁት፣ ቶሮንቶ ገና ሁለተኛ ዊንተርሽ ነው፣ ልጅሽ ስኬቲንግን፣ ማለት ከስሩ የብረት ስለት ባለው ጫማ በረዶ ላይ መንሸራተትን፣ ከትምህርት ቤት ለምዶ መጥቶ እማ አብረን እንሂድ እያለሽ ነው፣ አንቺ ደግሞ መውደቁን ፈርተሻል። ይቻላል የኔ እህት፣ እኔ በ41 ነው የጀመርኩት፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው በረዶ የሚያውቀው ከዝናብ ጋር ሲወርድ ነው፣ አሁን ግን ከልጆቼ ጋር እያወራሁ እዞራለሁ።

ከጫማው ጀምሪ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዛ ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን እንዳይበርደኝ ብዬ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ተከራየሁ፣ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ እየታጠፈ መቆም አቃተኝ፣ እግሬ ደካማ ነው ብዬ ልተወው ነበር፣ ለካ ጫማው ነው። አንድ ቀጭን ካልሲ በቂ ነው፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከስኒከርሽ በግማሽ ወይ በአንድ ያንሳል፣ ጉልበትሽን ስታጥፊ ተረከዝሽ መነሳት የለበትም። ክሩን ጣት ጋ ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጥብቅ አድርጊው። የኪራይ ጫማ አንዳንዴ ስለቱ ይደነዝዛል፣ ወደ ጎን ስትገፊ እያንሸራተተ በረዶውን ካልያዘልሽ ቀይሩልኝ በይ፣ አትፈሪ።

ከዛ መውደቅ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ እሱን ተለማመጂ። ሚዛንሽ እንደሄደ ከተሰማሽ ቁጭ በይና በጎንሽ፣ በዳሌና በጭንሽ በኩል ውደቂ እንጂ ወደ ኋላ አትሂጂ፣ እጅሽንም ዘርግተሽ አትደገፊ፣ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንደዛ ነው። ለመነሳት በእጅና በጉልበትሽ ዳዴ ሁኚ፣ አንዱን እግር በሁለቱ እጆችሽ መሀል አስገቢ፣ ጉልበትሽን ተጭነሽ ተነሺ። ጓንት የግድ ነው፣ ሄልሜትም እንደዛው፣ የሆኪ ሄልሜት ሲኤስኤ (የካናዳ የደረጃዎች ማኅበር) የሚል ምልክት ያለው ይሁን፣ ትልቅ ሰው ነኝ ብለሽ አትተዪው።

ስንፈራ ሰውነታችን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ክረምት ላይ ጭቃ ስንረግጥ እንደምናደርገው ማለት ነው፣ በረዶ ላይ ግን የሚጥለው እሱ ራሱ ነው። ጉልበትሽን እጠፊ፣ እጆችሽን ከወገብሽ ከፍ አድርገሽ ከፊትሽ ያዢ፣ እግርሽን ሳይሆን ፊት ለፊትሽን እዪ። በመጀመሪያ ባለሽበት እርገጪ፣ ከዛ በትንሽ በትንሹ ተራመጂና ሁለቱን እግር ገጥመሽ እስኪቆም ተንሸራተቺ። ልጅሽ ወፌ ቆመች ይበልሽ፣ ደስ ይለዋል። ስትገፊ እንደ ሩጫ በጣትሽ ወደ ኋላ አትግፊ፣ የፊገር ስኬት ጫማ ጫፉ ላይ ጥርስ ስላለው ይጠልፍሻል፣ በስለቱ የውስጥ ጠርዝ ወደ ጎን ነው የሚገፋው። መቆሚያውን ቶሎ ተማሪ፣ እግርሽን ከፈት አድርገሽ ጣቶችሽን ወደ ውስጥ አዙሪና ተረከዞችሽን ወደ ውጪ ግፊ፣ ስለቱ በረዶውን እየፋቀ ያቆምሻል። እኔ ይሄን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ እየያዝኩ ነው የቆምኩት።

ቦታ ካልሽኝ ሲቲ ሆል ፊት ለፊት ያለው የናታን ፊሊፕስ አደባባይ መግቢያው ነፃ ነው፣ ጫማም ይከራያል፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል፣ ለመጀመሪያው ቀን ዙሪያው የሚያዝ ቦርድ ያለው የሰፈር ሪንክ (የስኬቲንግ ሜዳ) ይሻልሻል። ኦታዋ ውስጥ በዊንተር ውሃው በረዶ ሆኖ ስኬት የሚደረግበት ሪዶ ቦይ 7.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ልብ ይወስዳል፣ ግን የተፈጥሮ በረዶ ስለሆነ ስንጥቅ አለው፣ በ2023 ደግሞ ሙቀቱ በዝቶ ጭራሽ ሳይከፈት ቀርቷል፣ እሱን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዪው።

ሄደሽ ስትመለሺ ጫማው የት ጋ እንዳመመሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ቁጥሩ ልክ ይሁን አይሁን ከእሱ ነው የምንለየው።