ጥብቅ የኃይል ቁጠባ ኮድ ለአዲስ አበባ ሕንፃ ያዋጣል ወይ? ስሌቱ ከመስታወቱ ይጀምራል

ሰላም ለጠያቂው፣ ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ፦ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ጂ+7 የቢሮ ሕንፃ ጠበቅ ያለ የኃይል ቁጠባ ኮድ ግዴታ ቢሆን ወጪው ምን ያህል ይጨምራል፣ ጥቅሙስ ወጪውን ይመልሳል ወይ፣ በምንስ ይሰላል? ከሥር ግማሹ ሰው «ለደሃ አገር ቅንጦት ነው» ብሏል፤ ግማሹ ደግሞ «በአምስት ዓመት ይመልሳል»። ኮዱ ምን ምን እንደሚያስገድድ ሳይታወቅ ሁለቱንም ማለት አይቻልም። ለቀዝቃዛ አገር የተጻፈ ኮድ እንዳለ ተገልብጦ ቢመጣ በእርግጥ ኪሳራ ነው። ለአዲስ አበባ ፀሐይ ተብሎ የተጻፈ ከሆነ ግን የግንባታውን ወጪ ራሱን ሊቀንስ ይችላል።

መጀመሪያ የአየር ንብረቱን እንያዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ያለፈች፣ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ያለች ከተማ ናት። የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ውስጥ ቢሮ የሚግለው በውጭው አየር ምክንያት አይደለም፤ በመስታወት የሚገባው ፀሐይ፣ ሰውና ኮምፒውተር ናቸው የሚያግሉት። ስለዚህ ኮዱ ብሩን የት ላይ እንዲወጣ ያስገድዳል የሚለው ሁሉንም ይወስናል።

አንድ ግድግዳ ብቻ እንውሰድ። ወደ ምዕራብ የሚያይ 100 ካሬ ሜትር ገጽታ ሙሉ በሙሉ ከርተን ዎል (በአልሙኒየም ፍሬም የተያዘ የመስታወት ግድግዳ) ነው እንበል፣ መስታወቱም ነጠላ 6 ሚሊ ሜትር ጥርት ያለ። ይህ መስታወት ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት 0.82 ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ጥርት ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ በምዕራብ ግድግዳ ላይ 600 ዋት በካሬ ሜትር ያርፋል ብለን ብንይዝ፣ 100 ሲባዛ 600 ሲባዛ 0.82 ወደ 49 ኪሎ ዋት ሙቀት ይሆናል። ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ሙቀት ከክፍሉ ስለሚያወጣ ለዚህ አንድ ግድግዳ ብቻ 14 ኤሲ ያስፈልጋል። አሁን መስታወቱን ወደ 40 ካሬ ሜትር ዝቅ አድርገው፣ ቀሪውን 60 በብሎኬትና በልስን ዝጋው፣ መስታወቱ ላይ ደግሞ ፀሐዩን በግማሽ የሚቀንስ የውጭ ጥላ ጨምር። በመስታወቱ የሚገባው ወደ 10 ኪሎ ዋት፣ በብሎኬቱ የሚያልፈው ወደ 2 ኪሎ ዋት ነው። በድምሩ 12፣ ማለትም 4 ኤሲ። በሁለቱ መካከል የ10 ኤሲ ልዩነት አለ፤ ኤሲ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሚያወጣው ሙቀት ሲሦ ያህል ስለሆነ፣ በኤሌክትሪክ ሲለካ ልዩነቱ ወደ 12 ኪሎ ዋት ነው።

ከርተን ዎል በካሬ ሜትር ከተለሰነ ብሎኬት ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ የማንኛውም ሕንፃ ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ያሳይሃል። ስለዚህ «መስታወት ከግድግዳው 40 በመቶ አይበልጥ፣ የምዕራብና የምሥራቅ መስኮት የውጭ ጥላ ይኑረው» የሚል ኮድ የሚጨምረው ወጪ ጥላው ብቻ ነው። የሚቀንሰው ደግሞ አልሙኒየም፣ መስታወት፣ ኤሲ፣ የኬብል ውፍረት፣ የትራንስፎርመርና የጄኔሬተር መጠን ነው። ጥቅሙን በኤሌክትሪክ ቢል ብቻ የሚያሰላ ሰው ትልቁን ቁጥር ሳያየው ያልፋል። አንድ ነገር በቅንፍ፦ በእኛ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከ20 በመቶ በላይ የሳሳ ነው። ኤሲውም ጄኔሬተሩም ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን ኃይል እዚህ አይሰጡም፤ ስለዚህ የተቆጠበ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት በመሣሪያ ግዢ ላይ ከወረቀቱ በላይ ዋጋ አለው።

ጥላው ላይ ስህተት የሚበዛው አቅጣጫን ባለመለየት ነው። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል በ57 ዲግሪ ገደማ ትቆማለች፤ ከመስኮቱ በላይ 95 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ የሚወጣ ኦቨርሃንግ (አግዳሚ ጥላ) 1.5 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። በሰሜን በኩል በሰኔ ፀሐይዋ 75 ዲግሪ ስለምትደርስ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ምዕራብ ላይ ግን በ10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ወደ 30 ዲግሪ ትወርዳለች፤ 1 ሜትር ኦቨርሃንግ የሚጋርደው 58 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ የሚሠራው ቋሚ ክንፍ፣ ወደ ውስጥ ገባ ያለ መስኮት፣ ወይም በረንዳ ነው። ደረጃ፣ ሊፍትና መጸዳጃ ቤት በምዕራብ በኩል ቢደረደሩ ደግሞ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው አርክቴክቱ ፕላኑን ሲጀምር እንዲያስብበት ብቻ ነው። የውስጥ መጋረጃ ጥላ አይደለም፤ መስታወቱን ያለፈ ሙቀት አንዴ ክፍሉ ውስጥ ገብቷል።

«መስታወት ካነሰ ክፍሉ ይጨልማል» የሚል ስጋትም ተነሥቷል። የቀን ብርሃን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ከመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከፍታ ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ጠርዙ 2.4 ሜትር ላይ ከሆነ ወደ 5 ሜትር። ከወለል እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ያለው መስታወት ከጠረጴዛ በታች ስለሆነ ብርሃን አይጨምርም፣ ሙቀት ግን ይጨምራል። እሱን በብሎኬት መዝጋት ጨለማ አያመጣም። የሚከፈተው የመስኮት ስፋት ከወለሉ ስፋት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 በመቶ ይሁን። በመስታወት ተሸፍነው የሚከፈት መስኮት ሁለት ብቻ ያላቸው ወለሎች አዲስ አበባን የሚያህል ነፋሻ ከተማ ውስጥ በኤሲ ብቻ ሲተነፍሱ ማየት ያሳዝናል።

ወጪ የሚያስወጡት የኮዱ ክፍሎች ሌሎቹ ናቸው። ሎው-ኢ (ሙቀት የሚቀንስ ስስ ሽፋን ያለው) ድርብ መስታወት ከተባለ፣ በላይኛው ምሳሌ የማሳለፊያ መጠኑ 0.3 ቢሆን 100 ካሬ ሜትሩ 18 ኪሎ ዋት ያስገባል፤ 6 ኤሲ ማለት ነው። ይሠራል፣ ግን በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት የተሠራ የመስታወት ፕሮፎርማ ለዚህ ስሌት አይረዳም። አንድ መስታወት ሲሰበርም ያንኑ ቀለም ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከገዛህ ሽፋኑ ከውጭ ሲቆጠር ሁለተኛው ገጽ ላይ (የውጪው መስታወት የውስጥ ፊት) መሆኑን አረጋግጥ። ላይተር ለኩሰህ መስታወቱ ፊት ብትይዝ አራት ነጸብራቅ ታያለህ፤ ቀለሙ ከሌሎቹ የሚለየው ሽፋኑ ያለበትን ገጽ ይነግርሃል። ተገልብጦ ከተገጠመ የከፈልክበትን የፀሐይ መከላከያ ጥሩ ድርሻ ታጣለህ።

የግድግዳ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያልፍ የሚደረግ ሽፋን) አዲስ አበባ ላይ ግዴታ ቢደረግ እቃወማለሁ። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የተለሰነ ብሎኬት ሙቀት ማሳለፊያው ወደ 2.5 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ነው፤ ለስቶክሆልም አስፈሪ ቁጥር ነው። እዚህ ግን የቢሮው ውስጥ ከውጭው የሚሞቅበት ሰዓት ስለሚበዛ ሙቀቱ በግድግዳው መውጣቱ ይጠቅማል። ሰመራ ወይም ሁመራ ላይ፣ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት፣ መልሱ ይገለበጣል፤ ኢንሱሌሽኑ እዚያ ወጪውን ይመልሳል። ካሊፎርኒያ ለአንድ ክፍለ ግዛት 16 የአየር ንብረት ቀጠና የከፈለችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከራስ ዳሽን እስከ ዳሎል ያለባት አገር በአንድ ሰንጠረዥ ልትገዛ አትችልም።

ጣሪያ ግን በሁሉም ቦታ ያዋጣል። ፀሐይ በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ በቀጥታ አናታችን ላይ ነች። ባዶ የኮንክሪት ስላብ ሙቀት ማሳለፊያው ወደ 3 ነው፤ 5 ሳንቲ ሜትር ኢፒኤስ (ነጭ ፎም) ሲጨመርበት ወደ 0.6 ይወርዳል፣ አምስት እጥፍ። የሚጠቅመው የመጨረሻውን ወለል ብቻ ስለሆነ ጂ+7 ላይ ጥቅሙን በጠቅላላ ወለሉ አታባዛ። የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ ውኃ መከላከያው ነው፦ ኢፒኤሱ ላይ የሚፈሰው ስክሪድ (የሲሚንቶ ንጣፍ) ከሳሳና መገጣጠሚያ ከሌለው ይሰነጠቃል፣ ዝናቡ ሥር ገብቶ ኢንሱሌሽኑን ያርሰዋል። ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ከሽቦ መረብ ጋር፣ በየ3 ሜትሩ መገጣጠሚያ።

አሁን ወደ ስሌቱ። መነሻው ላይ «ኮዱ ባይኖር ምን ይሠራ ነበር?» ብለህ በሐቅ መልስ። ኤልኢዲ መብራት ኮድ ባይኖርም ትገዛለህ፤ ስለዚህ የኤልኢዲን ቁጠባ የኮዱ ጥቅም ብለህ አትጻፍ። ኤሲ ፈጽሞ የማይገጠምበት ሕንፃ ከሆነም የምትቆጥበው ኤሌክትሪክ ዜሮ ነው። ጥቅሙ ምቾት ነው፤ ከ28 ዲግሪ በላይ የሚሆንባቸውን የሥራ ሰዓታት ቆጥረህ ለብቻው አስቀምጠው እንጂ በኪሎ ዋት ሰዓት አታስመስለው።

ኤሲ ካለ ግን እንዲህ ነው፦ የ12 ኪሎ ዋት ልዩነት፣ በቀን 5 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን፣ በዓመት 8 ወር፣ በአማካይ 60 በመቶ ጭነት፤ ወደ 6,300 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። ለምሳሌ ያህል በ8 ብር ብናባዛው 50,400 ብር በዓመት። አንተ የቅርቡን ቢልህን ተጠቀም፤ ታሪፉ ከ2017 መግቢያ ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የባንክ ወለድ 16 በመቶ ብሎ ታሪፉን ግን ለ20 ዓመት ሳያንቀሳቅስ ያሰላል። ያኔ የ20 ዓመቱ ቁጠባ በዛሬ ዋጋ ሲሰላ፣ ዓመታዊው ቁጠባ በ5.93 ተባዝቶ ወደ 299,000 ብር ይሆናል። ወለዱ የዋጋ ንረትን ስለያዘ ታሪፉም ንረቱን መያዝ ነበረበት። ንረትን ከሁለቱም ካወጣህና በ5 በመቶ እውነተኛ ተመን ካሰላህ ማባዣው 12.46 ነው፤ ያው ቁጠባ ወደ 628,000 ብር። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ቁጠባ፣ ሁለት እጥፍ ልዩነት፤ «አያዋጣም» የሚሉ ብዙ ስሌቶች እዚህ ነጥብ ላይ የተበላሹ ናቸው።

ከዚያ ሦስት መዝገብ ክፈት፦ የባለቤቱ፣ የተከራዩ፣ የአገሩ። ኤሲውን ተከራይ የሚገዛ፣ ቢሉንም ተከራይ የሚከፍል ከሆነ ባለቤቱ ጥላ ለመሥራት ምክንያት የለውም። ኮድ በግዴታ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ ገበያው ራሱ አያስተካክለውም። በአገሩ መዝገብ ላይ 15 በመቶ ቫትና ጉምሩክ ከኪስ ወደ ኪስ ስለሆኑ ይውጡ፣ የውጭ ምንዛሪ ግን በራሱ ዓምድ ይቀመጥ፦ ከርተን ዎል፣ ኤሲና የጄኔሬተር ናፍጣ ዶላር ናቸው፤ ብሎኬትና የኮንክሪት ክንፍ በአመዛኙ ብር። የካርቦን ዓምድ እኛ ጋ ብዙ አይመዝንም፣ ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ነውና።

«ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ተመርቆ ለምን እንቆጥባለን?» ላለው ወንድማችን፦ ግድቡ ኃይል ይሰጣል፣ ሰፈርህ ያለው ትራንስፎርመርና ኬብል ግን የዚያኑ ያህል አላደገም። ያልተጠቀምነው ኪሎ ዋት ሰዓት ደግሞ ወደ ጅቡቲና ኬንያ በዶላር ሊሸጥ ይችላል። የውኃ ማሞቂያንም በዚሁ ዓይን እየው፦ 80 ሊትር ቦይለር ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ባለ 1.5 ኪሎ ዋት ቦይለር ያላቸው 1,000 ቤቶች ጠዋት ላይ 40 በመቶው አብረው ቢያበሩ 600 ኪሎ ዋት ነው። ደቡብ አፍሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓመታዊው የሙቅ ውኃ ፍላጎት ቢያንስ 50 በመቶው በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳይሆን በሕንፃ ደንቧ አስገድዳለች። ለእኛ አፓርታማዎች ቢያንስ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ኢንሱሌት የተደረገ ቧንቧ ከመጀመሪያው ቢቀበር ርካሽ ነው፤ ልስኑ ካለቀ በኋላ ግን ሴራሚክ መስበር ነው።

በመጨረሻ ጥቅሙን በተፈጻሚነት አባዛው። ፈቃድ ሲወጣ ድሮዊንጉ ላይ ያለው መስታወት ሳይት ላይ በሌላ ይተካል፤ ጥላ ግን ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ስለሚሞላ መንገድ ላይ ቆሞ መቁጠር ይቻላል። ኮድ ለማውጣት ለሚያስቡ፣ ተቆጣጣሪ በሜትር ሊለካው የሚችለውን (የመስታወት ፐርሰንት፣ የኦቨርሃንግ ርዝመት፣ አቅጣጫ) ያስቀድሙ፤ ትላልቅና የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለመነሻ ይበቃሉ። ለአንተ ሕንፃ ደግሞ፣ ፕላኑ ለፈቃድ ከመግባቱ በፊት አርክቴክቱን የአራቱን ገጽታ መስታወት በካሬ ሜትር፣ ከጥላ ጋርና ያለ ጥላ፣ በአንድ ገጽ ጠይቀው። ኤሌክትሪክ መሐንዲሱ በሁለቱም አማራጭ ጭነቱን ያስላ፤ የጄኔሬተርና የትራንስፎርመር ፕሮፎርማውንም ለሁለቱም አምጣ። እነዚያን ቁጥሮች እዚህ ብትለጥፋቸው ቀሪውን አብረን እንሠራዋለን።