ሁለት ሰብዉፈር፣ አንድ አምፕሊፋየር፦ ለጅማው ረዳት

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሰህ ጅማ መርካቶ አካባቢ መኪና ላይ ድምፅ በሚገጥም ሱቅ ረዳት ሆነሃል። ወደ አጋሮ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ የገጠማችሁት አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ሙዚቃው ከፍ ሲል ፕሮቴክት እየገባ፣ ማለትም ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ እየዘጋ፣ ይጠፋል፤ ምክንያቱን ጠይቀኸኛል። ሁለተኛው፣ በዚሁ ልቀጥል ወይስ ኮሌጅ ልግባ የሚል ነው። የሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ውስጥ ስለሚወጣ ከአምፕሊፋየሩ እንጀምር።

አምፕሊፋየሩ ባለ አንድ ቻናል ነው፤ ከ2 ኦም በታች አይችልም ብለሃል (ኦም የሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን የመገደብ አቅም፣ መለኪያ ነው)። ሁለቱ ሰብዉፈሮች (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡት ትልልቅ ስፒከሮች) ደግሞ እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ 4 ኦም ኮይል (የሽቦ ጥቅል) አላቸው። እናንተ አራቱንም ኮይል ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኝታችኋል፤ ይህ ፓራሌል ነው። 4 ኦም ለአራት ሲካፈል 1 ኦም ይሆናል። ኦሙ በግማሽ ሲወርድ በዚያው ቮልቴጅ የሚሄደው ከረንት እጥፍ ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። የሚዘጋው ጉዳት ሳይደርስበት ነው፤ ደጋግማችሁ ካስገደዳችሁት ትራንዚስተሮቹ ይቃጠላሉ።

መፍትሔው የየሰብዉፈሩን ሁለት ኮይሎች በሲሪየስ ማገናኘት ነው፦ የአንዱ ኔጌቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ። እያንዳንዱ 8 ኦም ይሆናል። ከዚያ ሁለቱን ሰብዉፈሮች ፓራሌል ስታደርጋቸው 4 ኦም ታገኛለህ። ኃይሉ በ2 ኦም ከሚሰጠው ያንሳል፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ይሠራል። ከመግጠምህ በፊት በቴስተር ለካ፤ ከ4 ትንሽ ዝቅ ብሎ 3 ነጥብ ምናምን ቢያነብ አትደንግጥ፣ ቴስተር የኮይሉን ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሚለካ ነው። 1 አካባቢ ካነበበ ግን አታብራው።

አሁን ልብ በል። በእነዚህ ሁለት ሰብዉፈሮች አራቱም ኮይል ኃይሉን እኩል እንዲካፈሉ ስትገጥም 1፣ 4 ወይም 16 ኦም ይወጣል እንጂ 2 ኦም አይመጣም። ደንበኛው የአምፕሊፋየሩን ሙሉ ኃይል ከፈለገ መግዛት የነበረበት ባለ ሁለት ኮይል፣ እያንዳንዱ ኮይል 2 ኦም የሆኑ ሰብዉፈሮች ነው፤ ወይም ካሁኖቹ አንዱን ብቻ፣ ሁለቱ ኮይሎቹ ፓራሌል ሲሆኑ 2 ኦም ስለሚሰጥ። ይህን ብሩን ከማውጣቱ በፊት ሊነግረው የሚችል ሰው ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ያ ሰው አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ለአለቃህ ስትነግረው ግን ደንበኛ ፊት አይሁን፤ ወረቀት ላይ ሥለህ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ብናደርገውስ?» ብለህ አሳየው።

ወደ ኮሌጁ ልምጣ። በድምፅ ብቻ ሱቅ ለመክፈት አትቸኩል። ጅማ ላይ ገንዘብ በደንብ የሚንቀሳቀሰው ቡና ሲሸጥ ነው፤ ባለመኪናውም ድምፅ ለማስገጠም የሚያስበው ያኔ ነው። የተበላሸ ዲናሞ፣ የሞተ ባትሪ፣ በክረምት ውኃ የገባበት መብራት ግን ወቅት አይጠብቅም። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሁን፤ ድምፅ ከሥራህ አንዱ ይሁን። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብተህ አውቶሞቲቭ ተማር፣ የብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲ የሚሉትን) አትዝለል። ሱቁንም ከቻልክ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አትተወው፤ እጅህ እንዳይዝል።

ሌላም ምክንያት አለኝ። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጅማም መምጣቱ አይቀርም። በአብዛኞቹም ላይ መብራቱና ሬዲዮው የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው፣ አንተ አሁን በምትማረው። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ይገድላል፤ ለዚያ ተለይተህ ሳትሠለጥን እንዳትነካው።

እስከዚያው ሁለት ነገር ልመድ። ከባትሪው የሚመጣው ዋና ገመድ ላይ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ አምፕሊፋየሩ ዘንድ ብቻ ካለ ገመዱ መንገድ ላይ ቦዲ ሲነካ መኪናው ይቃጠላል፣ ሚኒባስ ደግሞ ሰው ይጭናል። ማሳውንም (ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ገመድ) ቀለሙን ፍቀህ ብረቱ ላይ እሰር። ለሚኒባሱ ባለቤት ነገ 4 ኦሙን ግጠምለትና ፊቱ ለካለት፤ ቁጥሩን ራሱ ይይ።