ኮሮሊቭካ ስላለው ዋሻ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ "ዩክሬን ኮሮሊቭካ የሚባል ገጠር አጠገብ ያለው የጂፕሰም ዋሻ እንደ ሶፍ ኡመር ነው ወይ፣ ብቻዬን ሄጄ ማየት እችላለሁ ወይ" ብለሽ ነበር። ተርኖፒል ስማር ከዋሻ ክለብ ልጆች ጋር ገብቼበታለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ብቻሽን በፍጹም አይሆንም፣ መጀመሪያ እሱን ያዢልኝ። ሶፍ ኡመር ወንዙ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ያለፈበት ነው፣ ቀጥ ብለሽ እየሄድሽ ጣሪያውን ቀና ብለሽ ታያለሽ። ይሄኛው (ስሙ ኦፕቲሚስቲችና ነው) ጄሶ የሚሰራበት ድንጋይ ነው፣ በጥፍር እንኳን ይጫራል፣ ውሃም ከኖራ ድንጋይ ይልቅ ቶሎ ያሟሟዋል። እና ውሃው በአንድ መስመር አልፈሰሰበትም፣ ከስር በግፊት እየወጣ ድንጋዩ የተሰነጠቀበትን ሁሉ እያሰፋ ስለሄደ መንገዱ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ነው። የጂፕሰሙ ውፍረት 30 ሜትር አይሞላም፣ ስፋቱም 2 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እዛ ውስጥ ግን እስካሁን የተለካው መንገድ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ! ከጂፕሰም ዋሻዎች በአለም አንደኛ ነው። የልቪቭ ከተማ ዋሻ አሳሾች በፈረንጆቹ 1966 ካገኙት ጀምሮ ሲለኩት ኖረዋል። እኔ አብዛኛውን ጎንበስ ብዬ፣ አንዳንዱን በደረቴ ተስቤ ነው ያለፍኩት፣ ሁለት ሶስቴ ከታጠፍን በኋላ በየት እንደመጣን ብትጠይቂኝ አላውቅም ነበር፣ መሪያችን ግን እያንዳንዷን መታጠፊያ ያውቃታል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ስለዛ መንደር ሲወራ ይሄ መዘለል የለበትም። ናዚዎች በመጡ ጊዜ የኮሮሊቭካ አይሁድ ቤተሰቦች በጥቅምት 1942 ቬርቴባ ዋሻ ገቡ፣ እዛ ሲደረስባቸው በ1943 ስትሪልኪቭትሲ መንደር አጠገብ ወዳለው ኦዜርና ዋሻ ተሻገሩ፣ እሱም ጂፕሰም ነው። ውስጡ ሀይቅ ስላለው የሚጠጡት ውሃ አገኙ፣ ወንዶቹ ሌሊት እየወጡ እህልና እንጨት ያመጣሉ፣ ሴቶችና ህጻናት ግን አብዛኞቹ አንድ አመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ጸሀይ አላዩም። ሚያዝያ 1944 ጀርመኖቹ ሲባረሩ 38 ሰው በህይወት ወጣ። እኔ ጭቃ ላይ ትንሽ አረፍ ስንል ብርዱ አጥንቴ ድረስ ነው የገባው፣ ክረምት ከበጋ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እነዛ እናቶች ልጅ ይዘው እንዴት እንደቻሉት ሳስበው እስከዛሬ ይከብደኛል።

አሁን ጦርነት ስለሆነ በአውሮፕላን መግባት አይቻልም፣ ሰላም ሲወርድ ነው የምትሄጂው። መጎተት ካልፈለግሽ ክሪቭቼ መንደር ያለው ክሪስታል ዋሻ መብራት የተዘረጋለት ነው፣ አስጎብኚ አለው፣ ቆመሽ ትሄጃለሽ። ኦፕቲሚስቲችናን ካልሽ ግን ቀድመሽ ከክለቦቹ ጋር ተነጋገሪ፣ የራስ ባትሪ ከነመለዋወጫው፣ የጉልበት መከላከያ፣ የሚጣል ልብስና ቅያሪ ያዢ፣ ያ ጭቃ ታጥቦ አይለቅም።