ለሁለት አርቲስት አንድ ውል?

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺ ነኝ። ከቀራጺ ጓደኛዬ ጋር በአንድ ጋለሪ ለስድስት ሳምንት የሚቆይ የጋራ ኤግዚቢሽን ልናሳይ ነው። እኔ ከማቀርባቸው ፎቶዎች ግማሽ ያህሉ የእሷን ቅርጻ ቅርጾች ያነሳሁባቸው ናቸው። እሷም ሁለት ሥራዎቿን የሠራችው ከእኔ ፎቶ ተነስታ ነው። ጋለሪው «አርቲስቶቹ» የሚል አንድ ውል ልኮልን ሁለታችንም እንድንፈርም ጠይቋል። ልፈርም ወይ? ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላስ ፎቶዎቹን እያተምኩ መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ውሉን እንዳለ አይፈርሙ። ጋለሪው ተንኮል አስቧል እያልኩ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ውል ይወጣና «አርቲስቱ» የሚለው «አርቲስቶቹ» ተብሎ ይላካል። ጣጣው የሚመጣው ግን ከዚያች ለውጥ ነው።

ውሉ ውስጥ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ይፈልጉት። ትርጉሙ ጋለሪው ከሁለታችሁ የፈለገውን አንዱን ይዞ ሙሉውን ይጠይቃል ማለት ነው። ጓደኛዎ አንድ ከባድ ሥራ ዘግይታ አደረሰች እንበል። እርስዎ ፎቶዎን ሰቅለው ከጨረሱ ቆይተዋል። የመዘግየት ቅጣቱ ግን ከእርስዎ ሽያጭ ላይ ሊቆረጥ ይችላል። በአንዳንድ አገር ደግሞ ሐረጉ ባይጻፍም ሁለት ሰው አንድ ግዴታ አብሮ ከፈረመ ሕጉ እንደዚያው ይቆጥረዋል። ስለዚህ ወይ ሁለት የተለያየ ውል ይሁን፣ ወይ «እያንዳንዱ አርቲስት የሚጠየቀው ለራሱ ሥራ ብቻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ይህን እምቢ የሚል ጋለሪ ብዙም አላጋጠመኝም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የጋለሪው ውል አይደለም። በእናንተ በሁለታችሁ መካከል ምንም ወረቀት የለም። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ አላስፈለገም ይሉኝ ይሆናል። ቢሆንም በመካከላችሁ ያለው የቅጂ መብት ጉዳይ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ እርስዎ የእሷን ፈቃድ፣ እሷም የእርስዎን ትፈልጋለች።

የእሷን ቅርጽ ሲያነሱ ብርሃኑንና ማዕዘኑን የመረጡት እርስዎ ነዎት። ፎቶው የእርስዎ ነው። በውስጡ ያለው ቅርጽ ግን የእሷ እንደሆነ ይቀራል። ፎቶውን እያባዙ ለመሸጥ የእሷ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። አሜሪካ ውስጥ የታየ አንድ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ፍራንክ ጌይሎርድ የሚባል ቀራጺ በዋሽንግተን ላለው የኮሪያ ጦርነት ዘማቾች መታሰቢያ የወታደሮቹን ሐውልቶች ሠራ። አንድ ፎቶ አንሺ በረዶ ለብሰው አነሳቸው። ፖስታ ቤቱ ለፎቶ አንሺው 1,500 ዶላር ከፍሎ ፎቶውን በባለ 37 ሳንቲም ቴምብር ላይ አወጣው። ቀራጺውን የጠየቀው አልነበረም። በ2010 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለቀራጺው ፈረደ። በኋላ የተወሰነለት ካሳ ከ684 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ልብ ይበሉ፣ ያ ሐውልት አደባባይ ላይ የቆመ ነበር። በአንዳንድ አገሮች በቋሚነት በአደባባይ የቆመን ሐውልት ያለ ፈቃድ ማንሳትና ፎቶውን መሸጥ ይቻላል። ጋለሪ ውስጥ ለስድስት ሳምንት የተቀመጠ ቅርጽ ግን በዚህ አይሸፈንም።

ወደ እሷ ሁለት ሥራዎች እንምጣ። አርት ሮጀርስ የተባለ ፎቶ አንሺ ባልና ሚስት ስምንት ቡችላ ታቅፈው አንስቶ ነበር። ጄፍ ኩንስ የተባለው አሜሪካዊ አርቲስት ፎቶውን ፖስትካርድ ላይ አይቶ የእንጨት ቅርጽ አሠራበት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ቅርጹ ባለ ቀለም ነው፣ ቡችሎቹም ሰማያዊ ሆነዋል። ያም ሆኖ በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፎቶ አንሺው መብት ተጥሷል አለ። ከወረቀት ወደ እንጨት መሻገሩ አላዳነውም። ጓደኛዎም ሁለቱን ሥራዎች ለመሸጥ የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋታል ማለት ነው። አንዳችሁ የሌላችሁ ፈቃድ ስለሚያስፈልጋችሁ አንድ ገጽ ላይ ተፈቃቀዱ። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦

«ቀራጺዋ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ፎቶዎች ፎቶ አንሺው እስከ አሥር ቅጂ አትሞ እንዲሸጥ ፈቅዳለች። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይህን ያህል በመቶ ይከፈላታል። ለማስታወቂያ፣ ለፖስተር ወይም ለሌላ ዕቃ ከመዋሉ በፊት በጽሑፍ ትጠየቃለች።»

አሥር ያልኩት ለምሳሌ ነው። ቁጥሩ ግን ይጻፍ። የሷም ሁለት ሥራዎች በተመሳሳይ መንገድ ይግቡ፤ በተለይ በነሐስ የምታስወጣቸው ከሆነ ስንት ቅጂ እንደሚወጣ። ፎቶና ቅርጽ አንድ ላይ የሚሸጥበት ሥራ ካላችሁ ዋጋው ለሁለታችሁ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ጋለሪው ለገዢ ቅናሽ ቢሰጥ ከማን ድርሻ እንደሚወርድም አብራችሁ ወስኑ።

ጉዳት ያልጠየቁኝ ነገር ነው፤ ግን የጋራ ኤግዚቢሽን ላይ የሚያጣላው እሱ ነው። የተቀደደ ፎቶ እንደገና ይታተማል፤ የተሰበረ ድንጋይ አይመለስም። ስለዚህ ኢንሹራንሱን በጥቅሉ «ለኤግዚቢሽኑ» ብሎ ገብቶ ካሳውን እኩል መካፈል ለእሷ ፍርደ ገምድል ነው። እያንዳንዱ ሥራ ስሙ፣ ልኬቱና የተስማማችሁበት ዋጋ ተጽፎ ይመዝገብ። ሽፋኑም ሥራው ከእጃችሁ ከወጣበት ሰዓት ተመልሶ እስኪገባ ድረስ ይሁን። ርክክብ ላይ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ። እዚህ ላይ እንኳን ጓደኛዎ የታደለች ናት።

በጋለሪው ውል ላይ ሌላ የማስገባት አንድ ነገር፦ ሥራዎቹ ለሽያጭ በአደራ የተሰጡ እንደሆኑና ገንዘቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ የእናንተ ንብረት ሆነው እንደሚቆዩ። ጋለሪው ዕዳ ውስጥ ቢገባ አበዳሪዎቹ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ የጋለሪው ነው እንዳይሉ የምታሳዩት ወረቀት ይህ ነው።

ፎቶ ወይም ቅርጽ የገዛ ሰው ዕቃውን እንጂ የቅጂ መብቱን አልገዛም። ካታሎግ ላይ ለማተም ለጋለሪው የምትሰጡት ፈቃድም ለዚያ ካታሎግና ለኤግዚቢሽኑ ማስታወቂያ ብቻ ይሁን። ስማችሁ ከሥራችሁ ጎን እንዲጻፍ፣ ሥራውም ክብራችሁን በሚነካ መልኩ እንዳይቆራረጥ የመጠየቅ መብት የቅጂ መብትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ውስጥ ከ1928 ጀምሮ አለ። ጋለሪው የእርስዎን ፎቶ ቆርጦ ለባነር ሊጠቀምበት ካሰበ አስቀድሞ ያሳይዎት፤ በፎቶው ላይ የሷ ቅርጽ ካለ ለእሷም።

ውሉን የምትፈርሙበት ቀን ከደረሰ፣ መጀመሪያ የእናንተን አንድ ገጽ ፈርሙ። የጋለሪው ሁለት ቀን ቢዘገይ ግድ የለም።