«ሃርድ ዲስኬ አይታይም»፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ስትጠይቁ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ጻፉልኝ፦ ዲስኩ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ገጽ) ላይ ይታያል ወይስ አይታይም? እዚያም ከሌለ ጥፋቱ የኬብል፣ የኃይል ወይም የዲስኩ የራሱ ነው። ባዮስ ላይ ኖሮ ዊንዶውስ ውስጥ ከጠፋ ግን ብዙውን ጊዜ በሴቲንግ ይስተካከላል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ ዴስክቶፑን ከፍቼ አቧራውን ካጸዳሁ ወዲህ ሁለተኛው ዲስክ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል።

መልስ፦ ኬብሉን ጠርጥር። አጥፍተህ ከሶኬት ንቀል። ቀጭኑን ባለ 7 ፒን የሳታ ኬብል ከሁለቱም ጫፍ፣ ሰፊውን ባለ 15 ፒን የኃይል ገመድ ከዲስኩ በኩል አውጥተህ አጥብቀህ ሰካ። ካልተለወጠ ኬብሉን ቀይር፣ ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ፖርት ሞክር። ዲስኩ ሲመጣልህ የዲስክ ጤና በሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም «ሲ7» የሚለውን መስመር እይ። እዚያ የስህተቱ ቁጥር ከዜሮ በላይ ከሆነ መረጃው መንገድ ላይ እየተበላሸ ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ ኬብል ከቀየርክ በኋላ መጨመሩን ካቆመ ተገላገልክ። የዲስኩን የተበላሹ ቦታዎች የሚቆጥሩት «05» ወይም «ሲ5» መስመሮች እየጨመሩ ከሄዱ ግን ዲስኩ ራሱ እያለቀ ነው፤ ዛሬውኑ ፋይልህን ገልብጥ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ ኤክስተርናሉ መብራቱ ይበራል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ አይከፈትም። የልጆቼ ፎቶ በሙሉ እዚያ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የኃይል ማነስ መሆኑን እንለይ። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ነው፤ ዲስኩ መዞር ሲጀምር ብዙ ኃይል ይስባል። ሃብ (ባለ ብዙ ቀዳዳ የዩኤስቢ ማከፋፈያ) እና ረጅም ገመድ ትተሽ በአጭር ገመድ ከዴስክቶፑ ጀርባ ሰክተሽ ሞክሪ፤ አንዴ ብቻ። አሁንም ጠቅ ካለ ወዲያው ንቀይው። አንባቢው ጭንቅላት ቦታውን እያጣ ይሆናል፤ በሰካሽው ቁጥር ፎቶው ያለበትን ሳህን ሊፍቀው ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ አታስገቢው፣ ማንም ጠጋኝ ጠረጴዛው ላይ እንዲከፍተውም አትፍቀጂ። ጭንቅላቱና ሳህኑ መካከል ያለው ክፍተት ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ያንሳል። ይህ ንጹሕ ክፍል ያለው የዳታ ማዳን ባለሙያ ሥራ ነው።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ የእኛ አገር ከፍታና ብርድ ዲስክ ይጎዳል?

መልስ፦ ሊጎዳ ይችላል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ብዙ አምራቾች ሲሠራ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው፣ መሐል ሜዳ ደግሞ እዚያው ድንበር ላይ ናት። ለእናንተ ኤስኤስዲ ይሻላል፤ የሚዞር ሳህን የለውም። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ላፕቶፕም ጤዛው እስኪደርቅ ሳይከፈት ይቆይ።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ አዲስ ኤስኤስዲ ባዮስ ላይ አለ፣ ማይ ኮምፒውተር ውስጥ ግን የለም።

መልስ፦ አልተበላሸም። ዊንዶውስንና ኤክስን አብረህ ተጭነህ ዲስክ ማኔጅመንት ግባ፣ የዲስኩን አከፋፈል ሲጠይቅህ ጂፒቲ ምረጥ፤ የቆየው አከፋፈል ኤምቢአር ከ2 ቴራ በላይ አይወስድም። ከዚያ ጥቁር መስመር ያለበትን ቦታ በቀኝ ተጭነህ «ኒው ሲምፕል ቮልዩም» በል። ይህ ለባዶ ዲስክ ብቻ ነው! ፋይል ያለበት ዲስክ «ፎርማት ላድርግ?» ካለህ «ካንስል» በል።

ጥያቄ (ዓለም ከተማ)፦ 1 ቴራ ብዬ ገዝቼ 931 ጊጋ ያሳየኛል።

መልስ፦ አልተታለልክም። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024።