«እርግጠኛ ነህ?» ማለት ብቻውን አያድንም

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ያረጁ ፋይሎችን የሚሰርዝ የተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ቱል እየሠራሁ ነው፤ ሁሌ ማረጋገጫ ልጠይቅ ወይስ ተጠቃሚውን ልመነው? ባልደረቦቼ እንደ ሕፃን አትያዘን እያሉኝ ነው» የሚል ነው። እኔ ድሮ ሁሌ ከሚጠይቁት ወገን ነበርኩ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ቱል ለሁሉም ነገር «ዋይ ወይስ ኤን?» (አዎ ወይስ አይ) ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥያቄውን ማንበብ ተውኩ፤ ጣቴ ራሱ ዋይና ኢንተርን አከታትሎ ይመታል። አንድ ማታ የሙከራው ሰርቨር ላይ ያለሁ መስሎኝ ዋናው ላይ ሆኜ አንድ ፎልደር ሰረዝኩ። መጀመሪያ ጣቴ ዋይ አለ፣ ቀጥሎ እኔ ዋይ ዋይ አልኩ። ቱሉማ ጠይቆኝ ነበር!

ስለዚህ ከመጠየቅህ በፊት አሳይ፦ ስንት ፋይል፣ ስንት ጊጋባይት፣ ከየትኛው ሰርቨር። ማረጋገጫውም ዋይ ሳይሆን የሰርቨሩን ስም መጻፍ ይሁን። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሞሊ ጋርድ የሚባል ፓኬጅ አለ፤ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ማሽን መግቢያ) ገብተህ ሪቡት ስትል የማሽኑን ስም ያስጽፍሃል። ጣት ይህን በልምድ አይጽፈውም፣ የት እንዳለህ ማየት ግድ ይልሃል። ለትንሽ ነገር ግን እንዲህ አታስቸግር፤ ከቆይታ በኋላ ስሙንም ኮፒ ማድረግ ይጀምራሉ።

በሩን ጭራሽ አትዝጋው። የጂኤንዩው አርኤም (ሊኑክስ ላይ ያለው የመሰረዣ ትእዛዝ) እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስላሽን (የፎልደሮች ሁሉ ሥር የሆነውን) ከነውስጡ ሰርዝ ስትለው እምቢ ይላል፤ «ኖ ፕሪዘርቭ ሩት» የሚለውን ረጅም ፍላግ (ከትእዛዙ ጋር የሚጻፍ አማራጭ) ከጻፍክለት ግን ይታዘዛል። (ከስላሹ ኋላ ኮከብ ካስገባህ ይህ ጥበቃ አይሠራም። ኮከቡን ሼሉ (ትእዛዝህን የሚቀበለው ፕሮግራም) ቀድሞ ወደ ፎልደሮቹ ስም ስለሚዘረዝረው አርኤም ስላሹን ለብቻው አያየውም።) ያንተም ማለፊያ ፍላግ ረጅም ይሁን፤ ስክሪፕቱን (ትእዛዞቹ የተጻፉበትን ፋይል) ነገ የሚያነብ ሰው ዓይኑ እንዲያርፍበት። ማለፊያ ጨርሶ ከሌለውም ችግር ነው፦ ቲሙክስ (ተርሚናሉን ብትዘጋውም ሥራውን የሚያስቀጥል ፕሮግራም) ላይ አስጀምሬው የተኛሁት ስክሪፕት ጠዋት ሳየው የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተገትሮ አድሯል። ተርሚናል ከሌለ፣ ማለትም የሚመልስ ሰው ከሌለ፣ ቱሉ አይጠይቅ፤ ፍላጉ ካልተሰጠው የስህተት ኮድ ሰጥቶ ይቁም።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው መመለስ መቻሉ ነው። ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ቱል) ብዙ የሚፈቅድልህ ሪፍሎግ የሚባለው መዝገቡ የቀደሙ ቦታዎችህን በዲፎልት እስከ 90 ቀን ድረስ ስለሚያስታውስልህ ነው። ያንተም ቱል ፋይሎቹን ለሳምንት ሌላ ፎልደር ውስጥ ቢያቆያቸው ማረጋገጫ መጠየቁን ብትተወውም አልሰጋም። የሞላ ዲስክ ለማስለቀቅ ከሆነ ግን ይህ አይሆንህም፤ ያኔ ስሙን አስጽፍ።